ዘይት ቀለምን በመገልበጥ ለመማር፦ ከካራቫጆ በፊት የዙርባራንን በግ ሥራ

ጥያቄህን ሌላውም አንባቢ እንዲከተለው ላሳጥረው። ድሬዳዋ ሳቢያን ትኖራለህ፤ በእርሳስና በውኃ ቀለም ለዓመታት ሥለሃል፤ አሁን ዘይት ቀለም መጀመር ትፈልጋለህ። የሚያስተምርህ ሰው አጠገብህ ስላጣህ የጣሊያናዊውን ሠዓሊ የካራቫጆን «የክርስቶስ መቀበር» ገልብጠህ ለመማር አስበሃል። መገልበጥ በእርግጥ ያስተምራል ወይ፣ የመረጥከው ሥዕል ለጀማሪ ይሆናል ወይ፣ ድሬ ላይ በሚገኝ ዕቃና በድሬ ሙቀት ይሠራል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አባትህ «የፈረንጅ ቅዱስ ሥዕል መቅዳት ምን ይሠራልሃል» እንዳሉህም ጽፈሃል።

መገልበጥ ያስተምራል። ሙቀቱም የዕቃው እጥረትም አያግድህም። ሥዕሉን ግን ቀይር።

ቫቲካን ያለው የካራቫጆ ሥራ ቁመቱ ሦስት ሜትር፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ነው። ስድስት ሰዎች ተደራርበው ይታዩበታል፦ የሞተ ገላ፣ የሽማግሌ ጉልበት፣ የሴት ፊት፣ ወደ ላይ የተዘረጋ እጅ፣ ነጭ መግነዝ፣ ቀይ መጎናጸፊያ። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ታላቁ የፍላንደርስ ሠዓሊ ሩበንስ እንኳ እ.ኤ.አ ከ1612 እስከ 1614 ባለው ጊዜ ገደማ ሲገለብጠው፣ ያውም ከጣሊያን ተመልሶ በአንትወርፕ ስሙ ከገነነ በኋላ፣ ከአንድ ሜትር በታች አሳንሶና የሰዎቹንም አቋም እንደ ፈቃዱ ቀያይሮ ነው የሠራው። ግልባጩ ዛሬ ካናዳ፣ ኦታዋ ይገኛል። አንተ አሁን ብትጀምረው ጊዜህን የሚበላው የሰው አካል ንድፍ ነው። ቀለሙ በብሩሽህ ጫፍ ላይ ምን እንደሚያደርግ ገና ሳትለይ ስለ ክንድና ስለ ጉልበት ስትጨነቅ ሥራው ይጨቀያል። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ የጀመሩ ተማሪዎች አብዛኞቹ ፊቱ ላይ ሲደርሱ ሲያቆሙ አይቻለሁ፤ ሲያቆሙም የሚያቆሙት ያንን ሥዕል ብቻ ሳይሆን ዘይት ቀለምን ጭምር ነው።

በምትኩ የስፔናዊውን ሠዓሊ የፍራንሲስኮ ደ ዙርባራንን «የእግዚአብሔር በግ» ገልብጥ። ከአንድ በላይ ጊዜ ሥሎታል፤ እኔ የምልህ ማድሪድ በፕራዶ ሙዚየም ያለውን፣ እ.ኤ.አ ከ1635 እስከ 1640 ባለው ጊዜ የተሣለውን ነው። መጠኑ 37 በ62 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በጉልበትህ ላይ አስቀምጠህ የምትሠራው ያህል። አራት እግሩ በገመድ የታሰረ ጠቦት ግራጫ መደብ ላይ ተጋድሟል፤ ከኋላው ጨለማ ነው። መልአክ የለም፣ መስቀል የለም፣ ደም የለም። ጠቦቱም ገና በሕይወት አለ። ፓሎሚኖ የተባለ ስፔናዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ በ1724 ባሳተመው የሠዓሊዎች ታሪክ፣ ከዙርባራን በጎች አንዱን የያዘ የሴቪያ ከተማ ሰው «ከመቶ ሕያው በግ ይበልጥብኛል» ይል እንደነበር ጽፏል። ሰውየው አላጋነነም።

አሜሪካ ሳን ዲዬጎ ከተማ ያለው ሌላው የዙርባራን በግ ደግሞ በራሱ ላይ አክሊለ ብርሃን አለው፤ ከሥሩም በላቲን «እንደ በግ» ተብሎ ተጽፎበታል። ቃሉ ከኢሳይያስ 53 ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ሲያነበው ፊልጶስ የደረሰበትም ይኸው ቃል ነው፤ የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ አለ። ለአባትህ መጀመሪያ ይህን ንገራቸው። ቀጥሎም መገልበጥ ከፈረንጅ የመጣ ልማድ አለመሆኑን አስረዳቸው። እጆቿን አጣጥፋ፣ መሐረብ ይዛ፣ ልጇን የታቀፈችው የእመቤታችን ሥዕል በጎንደር ዘመን በየገዳሙ የተባዛችው ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ካለው ሥዕል ተቀድታ ነው። የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል፣ ኵርዓተ ርእሱም፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በአውሮፓዊ እጅ የተሣለ ነው፤ ነገሥታቱ ዘመቻ ይዘውት ሲወጡ ኖረው እ.ኤ.አ በ1868 ከመቅደላ እስኪወሰድ ድረስ ሠዓሊዎቻችን ስንት ጊዜ ገልብጠውታል። ሲገለብጡም የራሳቸው አድርገውታል፤ ዐይኑ ሰፍቷል፣ መስመሩ ጠርቷል። አንድ ነገር ግን አባትህ ትክክል ናቸው፦ አንተ የምትሠራው የልምምድ ሥራ ነው፤ ለጸሎት የሚሰቀል ሥዕል የራሱ ሥርዓትና የራሱ መምህራን አሉት። ሁለቱን አትቀላቅል። ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ካሰብህ አስቀድመህ አባቶችን ጠይቅ።

አሁን ወደ ዋናው። ከቀደመ ሥራ የሚቀዳው ያለቀው መልኩ ሳይሆን የአሠራሩ ተራ ነው፦ ምን ቀድሞ ተቀባ፣ ምን እስኪደርቅ ተጠበቀ፣ ምን በመጨረሻ ተነካ። የውኃ ቀለም ልማድህ እዚህ ይፈትንሃል። በውኃ ቀለም ብርሃኑ ወረቀቱ ነው፤ ነጩን ትተህለት በዙሪያው ታጨልማለህ። በዘይት ቀለም መንገዱ ይገለበጣል። ከመካከለኛ ጨለማ ትነሣለህ፣ ጥላውን አቅጥነህ ትተዋለህ፣ ብርሃኑን በመጨረሻ አወፍረህ ታስቀምጠዋለህ። የዙርባራን በግ ይህን ተራ ግልጥልጥ አድርጎ ያሳያል፤ የመረጥኩልህም ለዚህ ነው።

ስለ ዕቃው። ቀፊራ ወይም ታይዋን ገበያ ሄደህ «ዘይት ቀለም» ብትል የሚሰጡህ የበርና የመስኮት ቀለም ነው። እሱን አትግዛ። የተሠራው ቶሎ ቆዳ እንዲያወጣና እንዲያብረቀርቅ ነው፤ ብሩሽ ላይ ለመዋሃድ ጊዜ አይሰጥህም። የሠዓሊ ቀለም በቱቦ የሚሸጠው ነው፤ ድሬ ካጣኸው ከአዲስ አበባ ሰው እንዲልክልህ ጠይቅ። ብዙ አያስፈልግህም፦ ቲታኒየም ነጭ፣ ቢጫ ኦከር፣ ሮው አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ አይቮሪ ብላክ (ጥቁር)። አምስት ቱቦ። ሰማያዊ እንዳትጨምር፤ ጥቁርና ነጭ ተቀላቅሎ የሚወጣው ግራጫ ከቡናማ አጠገብ ሲቀመጥ ራሱ ሰማያዊ ይመስላል። ይህን በዐይንህ ስታይ ከገንዘብህ የሚበልጥ ነገር ተምረሃል። ዙርባራን የተጠቀመው ነጭ የእርሳስ ማዕድን ነጭ ነበር፤ መርዛም ነውና አትፈልገው። ቲታኒየሙ ከሱ ይልቅ ቀዝቃዛና ሸፋኝ ስለሆነ የጥፍር ያህል ኦከር ጣል አድርግበት።

ማቅጠኛው አኳራጅ ነው። ባለ ሱቁ ቲነር ሊሰጥህ ይችላል፤ እምቢ በል፣ ቲነር የታችኛውን ቀለም ይልጠዋል፣ ሽታውም ይጎዳሃል። ዘይቱ ለሥዕል የተጣራ የተልባ ዘይት ይሁን። ለምግብ የተጨመቀው ዝቃጭ ስላለበት እየጠቆረ ይሄዳል። ኑግ ይደርቃል ወይ የሚሉኝ አሉ፤ ይደርቃል፣ ግን ዘገምተኛና ልፍስፍስ ነው፣ ለወጥ ተወው።

መደቡን ሸራ አታድርገው። ስስ ኮምፔንሳቶ አስቆርጥ፣ 30 በ50 ሴንቲ ሜትር። ይህ መጠን ከዋናው በአንድ አምስተኛ ያንሳል፤ የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ገልባጮችን ከዋናው በአንድ አምስተኛ አሳንሱ ወይም አሳድጉ ብሎ ያስገድዳል፣ ግልባጩ እንደ ዋናው ተቆጥሮ እንዳይሸጥ። ደግ ሥርዓት ነው፣ ያዘው። ኮምፔንሳቶውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰህ በውኃ የቀጠነ ኮላ በፊትም በጀርባም ቀባ፤ አንድ ወገን ብቻ ከቀባኸው ይጎብጣል። ሲደርቅ የማያብረቀርቅ ነጭ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ ደርበህ በመካከሉ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። ለልምምድ ሥራ ይህ ይበቃል። አንዳንድ ሰው ጄሶ በኮላ ለውሶ አቡጀዲ ላይ ይቀባል፤ ጨርቁ በተጣጠፈ ቁጥር ይሰነጠቃል። ጄሶ የሚሆነው ለሳንቃ ነው፤ የጥንቶቹ ሠዓሊዎቻችንም ጄሶውን የቀቡት ዋንዛና ወይራ ሳንቃ ላይ ነበር።

ነጩ ከደረቀ በኋላ አምበርና ትንሽ ሲየና በአኳራጅ አቅጥነህ ሙሉውን ቡናማ አድርገው፣ በጨርቅም ጠረግ አድርገው። በዙርባራን ዘመን ሴቪያ ውስጥ የተለመደው መደብ ከከተማዋ የወንዝ ሸክላ የሚዘጋጅ ቡናማ ነበር፤ የታላቁ ስፔናዊ ሠዓሊ የቬላስኬዝ መምህርና አማት የነበረው ፓቼኮ እ.ኤ.አ በ1649 በታተመው መጽሐፉ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው ብሏል። ቡናማው መደብ ግማሹን ሥራ ይሠራልሃል፤ ጥላው ውስጥ ባዶ ብትተወው ራሱ ጥላ ነው።

ብርሃንን በተመለከተ መጻሕፍቱ ሁሉ ወደ ሰሜን የሚከፈት መስኮት ምረጥ ይላሉ። ምክሩ ለአውሮፓ ልክ ነው፤ እዚያ ፀሐይ በቀን እኩሌታ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት። ድሬ ላይ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታልፋለች፣ መስኮትህም ውስጥ ትገባለች። በነዚያ ወራት ነጭ ስስ ጨርቅ ጋርድበት። ሥዕሉን የምታየው በስልክ ከሆነ የብርሃን ማስተካከያው ራሱን እንዳይቀይር ዝጋው፤ አለዚያ ጠዋት የለካኸው ግራጫ ማታ ሌላ ይሆንብሃል። ፕራዶ በድረ ገጹ ጥርት ያለ ምስል አውጥቷል፣ ጸጉሩን እያጎላህ ማየት ትችላለህ።

ንድፉን በአራት ማዕዘን ክፍፍል አሻግር። 30 በ50 ላይ አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ብትከፍል 60 ቤት ይወጣል፤ ምስሉንም እንዲሁ 60 ክፈለው። የጀርባው መስመር ከጭንቅላት እስከ ጭራ፣ የሆዱ ሥር፣ የታሰሩት እግሮች የሚገናኙበት ቦታ፤ እነዚህን ሦስት ያዝ። የጸጉሩን ጥቅልል አሁን አትንደፍ።

ከዚያ በአምበርና በነጭ ብቻ ሙሉውን ሥዕል ሥራው። ዐይንህን ጨፈን አድርገህ እይ፤ ጠቦቱ ሦስት ድምቀት ብቻ እስኪሆን ድረስ። በብርሃን ያለው ጀርባ፣ በመካከል ያለው ጎን፣ ጥላ የዋጠው ሆድ። አኳራጅ የበዛበት፣ ዘይት ያነሰበት ቀለም ይሁን። ይህን ደረጃ ተማሪ ሁሉ ሊያልፈው ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ቆንጆ አይደለም። አቦ፣ አትለፈው! እዚህ ላይ ድምቀቱ ካልተስተካከለ በኋላ የምትጨምረው ጸጉር ሁሉ ጠፍጣፋ በግ ላይ የተለጠፈ ጥጥ ይሆናል።

ሁለተኛው ንብር (በላዩ የሚደረበው የቀለም ሽፋን) ላይ ቀለሙ ይገባል፣ ዘይቱም ጥቂት ይጨመራል። የላይኛው ሁልጊዜ ከታችኛው የበለጠ ዘይት ሊኖረው ይገባል፤ ዘይት የበዛበት ንብር ሲደርቅ ስለሚንቀሳቀስ፣ ቀድሞ የሚጠጥር ቀለም ከላዩ ካለ ይሰነጥቀዋል። የድሬ ሙቀት የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ዘይት ቀለም እንደ ውኃ ቀለም ተኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠጥራል፣ ሙቀትና ብርሃን ደግሞ ያፋጥኑታል። እዚህ ላዩ ከሐረር ቀድሞ በጣት ሲነካ ደረቅ ይሆናል፣ ውስጡ ግን ገና ለስላሳ ነው። በላዩ ደረቀ ብለህ አትቸኩል። ለማፍጠንም ፀሐይ ላይ አታውጣው።

ቀለሞቹም እኩል አይደርቁም። አምበር ውስጡ ማንጋኒዝ ስላለ ቶሎ ይደርቃል፤ አይቮሪ ብላክ ደግሞ ከሁሉ ይዘገያል። ስለዚህ ከጠቦቱ ኋላ ያለውን ጨለማ በወፍራም ጥቁር አትጀምር። መጀመሪያ በአምበር አጨልመው፣ ሲደርቅ ጥቁሩን ከትንሽ ሲየና ጋር አቅጥነህ ደርብበት። ጨለማው እንዲህ ሲሠራ ጥልቀት ያገኛል፤ በጥቁር ብቻ የተሞላ ከሆነ ግን የተዘጋ ግድግዳ ይሆናል።

ጸጉሩ ላይ ስትደርስ ጠንካራ ጸጉር ያለውን ብሩሽ ያዝ። ጥቅልል በጥቅልል አትቁጠር። ቦታውን በመካከለኛ ግራጫ ሸፍነህ ገና እርጥብ ሳለ ጥላውን ከሥር በአምበር አስገባ፣ ቀጥሎ ወፍራም ነጭ ከኦከር ጋር ይዘህ ጸጉሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ጫን እያደረግህ ልቀቀው። የብሩሹ ጭረት ራሱ ጸጉር ይሆናል። ይህን የምታደርገው ብርሃን በቀጥታ በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው፤ ወደ ሆዱ በወረድህ ቁጥር ቀለሙ እየሳሳ፣ ጭረቱ እየጠፋ ይሂድ። ሁሉም ቦታ ላይ ጸጉር ካሳየህ ዐይን የሚያርፍበት ያጣል። ፊቱ ከሰውነቱ ይለያል፣ ጸጉሩ አጭርና ለጥ ያለ ነው፤ ለስላሳ ብሩሽ ይፈልጋል። ገመዱን በመጨረሻ ሥራው፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳትጠግነው። ዐይን መጨረሻ ላይ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ገመዱ ከላላ ሥዕሉ ሌላ ነገር ይናገራል።

ሕያው በግም እይ፣ ድሬ ላይ በግ አይጠፋም። ግን ልብ በል፦ በቆላችን በብዛት የምታየው ጥቁር ራስ የሶማሌ በግ ነው። ጸጉሩ አጭር ነው፣ የሚጠቀለል ሱፍ የለውም፣ ላቱም ያበጠ ነው። የዙርባራኑ ሜሪኖ የሚባለው የስፔን ባለ ሱፍ በግ ነው። ሱፉን ከሥዕሉ ተማር፤ ከገበያው የምትማረው ሌላ ነው። ለበዓል ተገዝቶ ባጃጅ ውስጥ የተጋደመ የታሰረ በግ አንገቱን እንዴት እንደሚጥል፣ የትከሻው ክብደት የት እንደሚያርፍ፣ ገመዱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንዴት እንደሚሰምጥ በእርሳስ ያዝ። ከፋሲካና ከአረፋ በፊት ባሉት ቀናት ደብተርህን ይዘህ ውጣ። እነዚያ ንድፎች ግልባጩን ያድኑታል፤ ምስሉ ላይ ምን እንደሆነ ያልገባህ ጥላ ሁሉ ይገባሃል።

ሥራው በየንብሩ ሲደርቅ ከአቧራ ጠብቀው። ካርቶን እንደ ድንኳን ደፋበት እንጂ ጨርቅ አትጣልበት፣ ይለጠፋል። ቫርኒሽ ከማሰብህ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር ቆይ፤ ሙቀት አለ ብለህ አታሳጥረው።

ይህን ደግሞ በጣም አጥብቄ እነግርሃለሁ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ እሳት ሳይነካው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘይቱ ሲጠጥር ሙቀት ያወጣል፣ የተጨበጠ ጨርቅም ያንን ሙቀት ያፍነዋል። በድሬ ሙቀት አደጋው ይብሳል። ጨርቅህን ዘርግተህ ውጭ አድርቀው ወይም ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ክደነው። በምትሥልበት ክፍልም ቡና አይፈላ፣ ዕጣን አይጨስ፤ የአኳራጅ ትነት በከሰል እሳት ሊቀጣጠል ይችላል። መስኮትህን ክፈት።

ሲያልቅ ከፊት የዙርባራንን ስም አትጻፍ። ከጀርባው «ከዙርባራን የተገለበጠ» ብለህ ስምህንና ዓመተ ምሕረቱን አስፍር።

ካራቫጆን አትተወው። ከበጉ በኋላ ከዚያው ሥዕል አንድ ቁራጭ ብቻ ውሰድ፦ ወደ ታች የተንጠለጠለው የክርስቶስ ክንድ፣ መግነዙና የድንጋዩ ጠርዝ። በ30 በ40 ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ቀለሞቹ ያው አምስቱ ናቸው፤ ለገላው ብቻ አንድ ቀይ ትጨምራለህ። በጉ ላይ የተማርከው ተራ እዚያም ይሠራል፤ ነጩን መግነዝ እንደ በጉ ጀርባ፣ የክንዱን ሥር እንደ ሆዱ ጥላ አድርገህ ጀምር። የበጉን የመጀመሪያ ንብር፣ በአምበርና በነጭ ብቻ የሚሠራውን፣ ስትጨርስ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ቀለም ከማስገባትህ በፊት ባየው ይሻላል።